ዐይን ምስክር ሲሆን፤ ስለ ወፍ ተመልካቾችና ስለ እማኝነታቸው ታሪክ

በገጠር ያደገ ሰው ሁሉ እንደሚያውቀው፥ ከብት የሚጠብቅ ልጅ በቍጥቋጦ ውስጥ የወፍ ጎጆ ያየ እንደ ሆነ ሁለት አሳብ ይፈትነዋል። አንደኛው ሮጦ ለባልንጀራው መንገር ነው፤ ሁለተኛው ዝም ብሎ ለብቻው መያዝ ነው። የነገረ እንደ ሆነ ደስታው እጥፍ ይሆንለታል፤ ዳሩ ግን ዕንቍላሉ በማግሥቱ በቦታው ላይገኝ ይችላል። ያልነገረ እንደ ሆነ ጎጆው ይተርፋል፤ ነገር ግን «ዋሸህ» ያሉት ቀን የሚጠራው እማኝ የለውም። እኔም ራሴ በልጅነቴ ይህ ፈተና ደርሶብኝ ያውቃል፤ ብዙውን ጊዜም የተሸነፍሁት ለመናገር ነው።

ይህ የእረኛ ፈተና ተራ ነገር ይመስላል። ይሁን እንጂ ባለፉት ሁለት መቶ ዓመታት በኤውሮጳና በአሜሪካ ወፍ መመልከትን እንደ ትልቅ ሥራ ይዘው፥ ያዩትንም እርስ በርሳቸው እየተጻጻፉ ማኅበር ያቋቋሙት ሰዎች ታሪክ ሲመረመር፥ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በዚሁ ጥያቄ ዙሪያ የሚመላለስ ሆኖ ይገኛል። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ ለመግለጽ የምሞክረው የወፎችን ጠባይ አይደለም፤ ይህ የሌላ ሊቅ ሥራ ነው። የምመረምረው ሰዎቹን ነው፤ ይኸውም ያየ ሰው ላላየው እንዴት እንደ ነገረ፥ ያላየውም በምን ምክንያት እንዳመነ ነው። ዓመታቱ ሁሉ የተጻፉት እንደ ኤውሮጳ አቈጣጠር ነው።

የዚህ ማኅበር አባት ተብሎ የሚቈጠረው ጊልበርት ኋይት የሚባል እንግሊዛዊ ቄስ ነው። ከ1720 እስከ 1793 የኖረ ሲሆን፥ የዘመኑን አብዛኛውን ክፍል ያሳለፈው ሴልቦርን በምትባል ትንሽ መንደር ነው። በ1789 የታተመው መጽሐፉ ለሁለት ወዳጆቹ፥ ለቶማስ ፔናንትና ለዴንስ ባሪንግተን፥ በጻፋቸው ደብዳቤዎች የቆመ ነው። በዚያ ዘመን ሊቃውንቱ እንደ አንድ ወፍ አድርገው የሚመለከቷቸውን ሦስት ትንንሽ ወፎች እርሱ በድምፃቸው ለይቶ ሦስት መሆናቸውን አስረዳ። የእኛ ሰው «ወፍ እንዳገሩ ይጮኻል» ይላል፤ ኋይት ደግሞ በአንድ አገር፥ በአንድ ዛፍ ላይ ሳይቀር የተለያየ ጩኸት መኖሩን ሰማ። ይህን ያደረገው ያለ ጠመንጃ፥ በጆሮውና በትዕግሥቱ ብቻ ነው ለማለት ባያስደፍርም፥ ዋናው መሣሪያው ግን እነዚሁ ሁለቱ ነበሩ።

እንዲህ ያለው ሰው ጨረባን በተመለከተ ግን ተሳስቶ ነበር። ጨረባ የምላት በጣራ ሥር በጭቃ ጎጆዋን የምትሠራውን፥ ጭራዋ እንደ መንሽ ለሁለት የተከፈለውን ወፍ ነው። (እኛ «የጨረባ ተዝካር» ስንል ሥርዐት የሌለውን ጉባኤ መንቀፋችን ነው፤ እንግሊዞች ግን ይህችን ወፍ የበጋ አብሣሪ አድርገው እጅግ ይወዷታል።) ጨረቦች በክረምት ከእንግሊዝ አገር ይጠፋሉ፤ ወዴት እንደሚሄዱ ግን የሚያውቅ አልነበረም። ብዙዎች በጕድጓድ ወይም በውሃ ዳር ተደብቀው ይከርማሉ ይሉ ነበር። የኋይት ወንድም ጆን በጂብራልታር ቄስ ሆኖ ይኖር ስለ ነበር፥ ወፎች ባሕሩን ሲሻገሩ አይቶ ለወንድሙ ይጽፍለት ነበር። ኋይት ይህን እየሰማ እንኳ አንዳንዶቹ እዚያው ተደብቀው ይቀሩ ይሆናል የሚለውን አሳብ እስከ መጨረሻው ሙሉ በሙሉ አልጣለም። ከጂብራልታር በስተ ደቡብ የሚጽፍለት ወንድም አልነበረውምና፥ ዕውቀቱ ደብዳቤ እስከሚደርስበት ቦታ ሄዶ ቆመ።

ከኋይት በኋላ ያለው አንድ መቶ ዓመት ይበልጡን የጠመንጃ ዘመን ነው። እንግዳ ወፍ አየሁ የሚል ሰው የሚታመነው ገድሎ ቆዳውን ሲያመጣ ብቻ ነበር። «የተመታው ታሪክ ነው፥ የሳቱት ግን ምሥጢር ነው» የሚል አባባልም በሰብሳቢዎቹ ዘንድ ይነገር ነበር። በዚያው ዘመን የወፍ ላባ ለሴቶች ባርኔጣ ጌጥ ሆኖ ተፈላጊነቱ በዛ። በ1886 ፍራንክ ቻፕማን የሚባል አሜሪካዊ በኒው ዮርክ ከተማ መንገድ ላይ ሁለት ቀን ከሰዓት በኋላ እየተዘዋወረ ባርኔጣዎችን ሲቈጥር፥ ከ700 ባርኔጣ 542ቱ የወፍ ላባ ወይም ሙሉ የወፍ አካል ተሰክቶባቸው አገኘ። የወፎቹም ዐይነት ወደ 40 ይደርስ ነበር። እኔ እንደሚመስለኝ፥ ወፍን ለማጥናት ሰውን መቍጠር የተጀመረው በዚያን ቀን ነው።

ይኸው ቻፕማን በ1900 ሌላ ነገር አሰበ። በገና ቀን ሰዎች በሁለት ወገን ተከፍለው በየዱሩ እየወጡ፥ አብልጦ የገደለ ወገን የሚያሸንፍበት ልማድ በአሜሪካ ነበረ። ቻፕማን በሚያዘጋጀው መጽሔት ላይ «ዘንድሮ አንግደል፤ እንቍጠርና ዝርዝሩን እንላላክ» ሲል ጥሪ አቀረበ። በዚያው ገና 27 ሰዎች በ25 ቦታዎች ወጥተው ቈጠሩ። ከልማዱ ሥነ ሥርዐት ብዙው እንዳለ መቅረቱ ልብ ሊባል ይገባዋል፤ ቀኑ፥ ቡድኑ፥ ፉክክሩ፥ ማታ ተሰብስቦ ድሉን መናገሩ ሁሉ አልተለወጠም። የተለወጠው በጠመንጃው ፋንታ መነጽር መያዙ ብቻ ነው። ስለ ባህል መለወጥ የሚያጠና ሰው ከዚህ የሚበልጥ ግልጽ ምሳሌ በቀላሉ አያገኝም። ቈጠራው እስከ ዛሬ በየገናው ሰሞን ይደረጋል።

በ1901 ኤድመንድ ሰለስ ስለ ወፍ መመልከት ያሳተመው መጽሐፍ ለሥራው ስሙን ሰጠው። ሰለስ ቀድሞ ወፍ ይገድል የነበረና ኋላ ሥራውን የተጸየፈ ሰው ነው። ወንድሙ ፍሬድሪክ ሰለስ ግን በአፍሪቃ በአዳኝነቱ ዝነኛ ሆኖ ኖረ። ሁለቱ በአንድ ማዕድ ተቀምጠው ምን እንደሚነጋገሩ ባውቅ ደስ ባለኝ ነበር።

መመልከት ብቻውን ግን የጨረባን ነገር አልፈታም። በ1822 በጀርመን አገር በመክለንቡርግ ግዛት አንገቱን ጦር የወጋው ሽመላ ተገኝቶ፥ ጦሩ የአፍሪቃ ሥራ መሆኑ በመታወቁ፥ ሽመሎች የት እንደሚከርሙ አንድ ምልክት ተገኝቶ ነበር። ይህ ሽመላ ዛሬም በሮስቶክ ዩኒቨርሲቲ ይታያል። ይሁን እንጂ በአጋጣሚ ከተወረወረ ጦር ይልቅ አድራሻ የተጻፈበት መልእክት የተሻለ ነው። ይህንንም ያደረገው ሞርተንሰን የሚባል የዴንማርክ መምህር ነው፤ በ1899 ስታርሊንግ በሚባሉ 165 ወፎች እግር ላይ ቍጥርና አድራሻ ያለበትን የአሉሚንየም ቀለበት አሰረ። በእንግሊዝ አገርም «ብሪቲሽ በርድስ» የተባለውን መጽሔት በ1907 ያቋቋመው ሃሪ ዊዘርቢ በ1909 ይህንኑ ሥራ ጀመረ። ከአንባቢዎቹ አንዱ፥ በስታፎርድሺር የሚኖረው የሕግ ሰው ጆን ሜስፊልድ፥ በግንቦት ወር 1911 በቤቱ ጎጆ የሠራችን አንዲት ጨረባ ይዞ ቀለበት አሰረላት። በታኅሣሥ ወር 1912 በደቡብ አፍሪቃ፥ በናታል፥ ደብዳቤ ተጻፈ። ጨረባዪቱ ከ9,000 ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ በአንድ የእርሻ ቤት ውስጥ ተይዛ፥ ያገኙዋት ሰዎች በቀለበቱ ላይ ባለው አድራሻ ጽፈው ነበር። ቄሱ ኋይት ያጣው ወንድም በመጨረሻው ተገኘ ማለት ነው፤ ሊቅ ሳይሆን፥ በእግሯ ላይ ያየውን ፊደል ችላ ያላለ ሰው ነው።

ወደ 1930 ገደማ የእንግሊዝ ተመልካቾች ብዛታቸው ራሱ መሣሪያ ሊሆን እንደሚችል ተረዱ። በ1928 ማክስ ኒኮልሰን የሳቢሳ ጎጆዎችን ሁሉ በአንድ ወራት ለማስቈጠር በየአውራጃው ላሉ ፈቃደኞች ጥሪ አድርጎ ነበር። ይህ ቈጠራ እስከ ዛሬ ሳይቋረጥ ቀጥሏል። በ1931 ደግሞ ቶም ሃሪሰንና ፊል ሆሎም፥ ራሷ ላይ አክሊል የመሰለ ላባ ያላትን አንዲት የውሃ ወፍ በመላው አገር ለመቍጠር ተነሡ። ይህች ወፍ በባርኔጣና በልብስ ጌጥ ምክንያት ከዚያ በፊት በነበረው መቶ ዓመት ከብሪታንያ ልትጠፋ ጥቂት ቀርቷት ነበር። በቈጠራው ወደ 1,300 የሚሆኑ ሰዎች ገቡበት፤ መምህራን፥ ባለ ርስቶች፥ የጽሕፈት ቤት ሠራተኞችና ተማሪዎች እያንዳንዳቸው የሰፈራቸውን ሐይቅና ኵሬ ተመልክተው ያዩትን ጻፉ። ሃሪሰን ያን ጊዜ ዕድሜው 19 ዓመት ነበር።

ይህን ሰው በተለይ የማነሣበት ምክንያት አለኝ። ሃሪሰን ከወፎች ወደ ሰዎች ተሻገረ። በ1932 ወደ ሳራዋክ በሄደው የኦክስፎርድ ጕዞ፥ ቀጥሎም በኒው ሄብሪዲስ ደሴቶች ከሕዝቡ ጋር ኖሮ ከተመለሰ በኋላ፥ የሩቁን ሕዝብ የሚያጠና ሊቅ የራሱን አገር ሕዝብ ለምን አያጠናም ብሎ ጠየቀ። በ1937 ከቻርልስ ማጅና ከሃምፍሪ ጄኒንግስ ጋር «ማስ ኦብዘርቬሽን» የተባለውን የሕዝብ ተመልካቾች ማኅበር አቋቋመ። በየአገሩ ያሉ ፈቃደኞች በግንቦት 12 ቀን 1937፥ ንጉሥ ጆርጅ 6ኛ ዘውድ በጫኑበት ዕለት፥ ያዩትንና የሰሙትን ሁሉ ጽፈው ላኩ። ሊጠኑ ከታሰቡት ነገሮች መካከል ሰዎች በጦርነት መታሰቢያ ሐውልት ፊት ምን እንደሚያደርጉ የሚል ይገኝበታል። ሃሪሰን ራሱ በቦልተን ከተማ ተቀምጦ በመጠጥ ቤትና በቤተ ክርስቲያን የሚሆነውን ያስመዘግብ ነበር። እንግዲህ የሕዝብን ኑሮ በብዙ ዐይን የመመልከቱ ዘዴ የተቀዳው፥ ቢያንስ በአንድ በኩል፥ ከሐይቅ ዳር ወፍ ቈጠራ ነው። እኛ የባህል ተማሪዎች ይህን የዘር ሐረግ ስናነሣው ብዙ ጊዜ አልሰማሁም።

ይሁን እንጂ ንጽጽሩ የሚቆምበት ቦታ አለ። ወፍ ስለ እርስዋ የተጻፈውን አታነብም። የቦልተን ሰው ግን ያነባል፤ «ማን ፈቀደላችሁ?» ብሎም ይጠይቃል። የሃሪሰን ተመልካቾች ሰላዮች ናቸው ተብለው በጋዜጣ ተወቅሰዋል፤ ወቀሳውም በእኔ አስተያየት ሁሉም ሐሰት አልነበረም።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የሆነው ደግሞ ከዚህ ሁሉ ይልቅ ልብ የሚነካ ነው። ጆን በክስተን የሚባል የእንግሊዝ መኰንን በ1940 በኖርዌይ፥ ጆርጅ ዋተርስተን ደግሞ በ1941 በቀርጤስ ደሴት በጀርመኖች ተማረኩ። እነዚህና ፒተር ኮንደር፥ ሪቻርድ ፐርቸንም ጭምር በጀርመን የምርኮኞች ሰፈር ተገናኙ። በሽቦ አጥር ውስጥ ሆነው፥ በራብና በብርድ መካከል፥ ወፎችን ይመለከቱና ይመዘግቡ ነበር። በክስተን በ1943 ጭራቸው ቀይ የሆነ የሁለት ትንንሽ ወፎችን ኑሮ ከባልንጀሮቹ ጋር ሰዓት እየተካፈለ 850 ሰዓት ያህል ተመለከተ፤ በ1950 ያሳተመው መጽሐፉ ከዚያ የተገኘ ነው። ምርኮኛ ሰው ጊዜ አለው እንላለን፤ ይሁን እንጂ ሁሉም ምርኮኛ እንዲህ አላደረገበትም።

በበርሊን ይኖር የነበረው ታላቁ የወፍ ሊቅ ኤርቪን ሽትሬዘማን፥ በጠላትነት ከሚቈጠሩት ከእነዚህ ምርኮኞች ጋር ይጻጻፍ፥ የሚያነቡትንም ጽሑፍ ይልክላቸው ነበር። ሁለቱ መንግሥታት ከተሞቻቸውን እርስ በርሳቸው ሲያቃጥሉ፥ ስለ አንዲት ወፍ የሚላላክ ደብዳቤ ድንበሩን ያልፍ ነበር። የሽትሬዘማን ስም ለኢትዮጵያ እንግዳ አይደለም። በያቤሎና በሜጋ አካባቢ ብቻ የምትገኘውን፥ በዐይኗ ዙሪያ ሰማያዊ ቆዳ ያላትን የቍራ ዘመድ ኤድጋርዶ ሞልቶኒ የሚባል ኢጣሊያዊ በ1938 ለዓለም ሲያስታውቅ ሳይንሳዊ ስሟን ያወጣው በዛቫታሪና በሽትሬዘማን ስም ነው። የቦረና ሰዎች ወፏን ከዚያ በፊት ያውቋት እንደ ነበር መናገር አያሻም።

ዋተርስተን በሕመም ምክንያት በ1943 ወደ አገሩ ሲመለስ ከመርከቡ መጀመሪያ ያያት ምድር ፌር አይል የምትባለው ደሴት ነበረች። በምርኮ ሳለ በዚህች ደሴት የወፍ መመልከቻ ጣቢያ ለማቋቋም ያወጣውን ዕቅድ በ1948 ፈጸመው። ይኸው ሰው በኋላ የእረኛውን ፈተና በሌላ መልክ አገኘው። ዓሣ አዳኝ የሆነ አንድ የጭልፊት ወገን ከብሪታንያ ጠፍቶ ከቈየ በኋላ ከ1954 ጀምሮ ወደ ስኮትላንድ ተመልሶ ነበር። ጠባቂዎቹ የጎጆውን ቦታ በምሥጢር ቢይዙም፥ በ1958 አንድ ዕንቍላል ሰብሳቢ በሌሊት ጎጆውን ዘረፈ። በ1959 እነዋተርስተን ተቃራኒውን መንገድ መረጡ፤ የጎጆውን ቦታ ለሕዝብ ነገሩ፤ መመልከቻ ሠርተው «ኑና እዩ» አሉ። በዚያ ወራት 14,000 ያህል ሰው መጥቶ አየ፤ ጫጩቶቹም አደጉ። ከአንድ ዘበኛ ይልቅ የ14,000 ሰው ዐይን ጠበቃቸው ማለት ይቻላል። ይህ መፍትሔ በሁሉ ቦታ ይሠራል ብዬ ግን አልከራከርም፤ በእኔ የልጅነት ሰፈር ባልሠራ ነበር።

እስከዚህ ድረስ ማካፈል የሚያስገኘውን ደስታ ተመለከትን። አሁን ወደ ዕዳው እንምጣ።

ከ1892 እስከ 1930 ባለው ጊዜ፥ በደቡብ እንግሊዝ በሄስቲንግስ ከተማ ዙሪያ፥ በብሪታንያ ፈጽሞ ያልታዩ ወይም እጅግ ብርቅ የሆኑ ወፎች ተገደሉ እየተባለ በተከታታይ ይጻፍ ነበር። አብዛኛዎቹ ያለፉት ጆርጅ ብሪስቶ በሚባል የወፍ ቆዳ እየሞላ በሚያዘጋጅ ባለሙያ እጅ ነው። ብርቅ ወፍ በዚያ ዘመን በውድ ዋጋ ይሸጥ ነበር፤ ዋጋው ግን የሚወደደው በአገር ውስጥ የተገደለ እንደ ሆነ ነው። ዊዘርቢ በ1916 መጠራጠር ጀምሮ ነበር፤ ቢሆንም ነገሩ ሳይነገር ተዳፍኖ ቈየ። በነሐሴ ወር 1962 «ብሪቲሽ በርድስ» ሙሉ ምርመራ አወጣ። ጆን ኔልደር የሚባል የስታቲስቲክስ ሊቅ የሄስቲንግስን መዝገብ ከጎረቤት አውራጃዎችና ከኋለኛው ዘመን ጋር አመሳክሮ፥ እንዲህ ያለ የብርቅ ወፍ ብዛት በአንድ ጠባብ ቦታና በአንድ ዘመን ብቻ በአጋጣሚ ሊሆን እንደማይችል አሳየ። ኒኮልሰንና ፈርጉሰን ሊስ ደግሞ ምስክርነቱን አንድ በአንድ መረመሩ። በመጨረሻው 595 የሚሆኑ ምዝገባዎች ተሰረዙ፤ 29 የወፍ ዘሮችና ንኡሳን ዘሮችም ከብሪታንያ ዝርዝር ወጡ።

እዚህ ላይ አንባቢ የቀድሞውን የአገራችንን አውጫጭኝ ሳያስታውስ አይቀርም። ወንጀለኛው ባልታወቀ ጊዜ ሰፈሩ ሁሉ ተሰብስቦ፥ እያንዳንዱ የሚያውቀውን እንዲናገር የሚገደድበት ሸንጎ ነው። የ1962ቱም ምርመራ እንዲሁ የማኅበሩ ሁሉ ሸንጎ ነበር፤ ልዩነቱ ዋናው ተጠርጣሪ በ1947 መሞቱ ነው። ብሪስቶ መልስ የመስጠት ዕድል አላገኘም፤ በችሎት የተፈረደ ነገርም የለም። ከተሰረዙት ዘሮች ብዙዎቹ ደግሞ በኋላ ዘመን በብሪታንያ በእውነተኛ ምስክር ታይተዋል። ስለዚህ ከተሰረዙት መካከል እውነተኛ የነበረ ምዝገባ ሊኖር ይችላል። የኔልደር ቍጥር የሚያስረዳው ስለ ክምሩ ነው እንጂ ስለ እያንዳንዱ ወፍ አይደለም፤ አንድ ሐቀኛ ሰው አንድ ቀን በሄስቲንግስ ባሕር ዳር ያየው ወፍ ቢኖር ከሐሰተኞቹ ጋር አብሮ ተቀብሯል።

በዚህ ነገር የሚደንቀው ሐሰቱ የመጣበት በኩል ነው። የጠመንጃው ዘመን ሰዎች ዐይን ይሳሳታል፥ ቆዳ ግን አይዋሽም ብለው ነበር። በሄስቲንግስ ግን ወፎቹ እውነተኛ፥ ቆዳቸውም እውነተኛ ሲሆን፥ የዋሸው ከቆዳው ጋር የታሰረው ወረቀት ነው። ቦታውንና ቀኑን የሚናገረው ሰው ነውና፥ ቆዳም ቢሆን ያለ ታማኝ ምስክር ዋጋ የለውም።

ማኅበሩ ከዚህ ምርመራ ሦስት ዓመት ቀድሞ፥ በ1959፥ የብርቅ ወፎችን ምስክርነት የሚመረምር ዐሥር አባላት ያሉት ሸንጎ አቋቁሞ ነበር። እንግዳ ወፍ ያየ ሰው ያየውን በጽሑፍ ያቀርባል፤ በተለይ የሚወደደው መጽሐፍ ሳይገልጥ እዚያው በቦታው የጻፈው ነው። ሽማግሎቹ «ተቀብለናል» ወይም «አልተረጋገጠም» ይላሉ። የኋለኛው ቃል «ዋሽቷል» ማለት አይደለም፤ ብዙዎች ግን እንደዚያ አድርገው ይሰሙታል። ዕድሜውን ሙሉ የታመነ ሰው አንድ ቀን ያየው ሳይጸድቅለት ሲቀር የሚደርስበትን ኀዘን ለመረዳት፥ ምስክርነቱ የተጣለበትን የአገራችንን ሽማግሌ ማሰብ ይበቃል።

በአገራችን የዚህ ሥራ ታሪክ ገና አልተጻፈም። ጀርመናዊው ኤድዋርድ ሩፔል በ1830ዎቹ መጀመሪያ ከሰሜን ኢትዮጵያ የወሰዳቸው የወፍ ቆዳዎች ወደ ፍራንክፈርት ሄዱ። ከእርሱ በኋላ የመጡትም እንዲሁ እየሰበሰቡ ወሰዱ። ያንን ወፍ የሚገኝበትን ገደል ያሳየው፥ ጩኸቱንም ለይቶ የነገረው የአገሬው ሰው ግን በአብዛኛው ስሙ አልተጻፈም። በ1942 ጭራዋ ነጭ የሆነችውን የሜጋ ጨረባ ያስታወቀው እንግሊዛዊው ቤንሰን በዚህ ረገድ ከብዙዎች ይሻላል፤ ለብዙ ዓመታት አብሮት የሠራውን ማላዊውን ጃሊ ማካዋን በ1964 ከዛምቢያ በተገኘች አንዲት ትንሽ ወፍ ስም ላይ አስታውሶታል። ያችም ወፍ ከአንዷ በቀር ሌላ ስላልተገኘች ራስዋን የቻለች ዘር መሆንዋ ሲያከራክር ኖሯል።

በ1966 የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር ተቋቋመ። በ1971 ኤሚል ኧርባንና ሌስሊ ብራውን የኢትዮጵያን ወፎች ዝርዝር አሳተሙ፤ በ2009 ደግሞ ጆን አሽና ጆን አትኪንስ የብዙ ተመልካቾችን ምዝገባ አሰባስበው የኢትዮጵያንና የኤርትራን ወፎች ስርጭት በካርታ አወጡ። ከ800 በላይ የሚሆኑት የአገራችን የወፍ ዘሮች እያንዳንዳቸው የት እንደ ታዩ የሚናገረው ይህ ካርታ፥ በእያንዳንዱ ነጥብ ላይ አንድ ሰው ቆሞ ያየበት ቦታ ነው።

ከእነዚህ ነጥቦች አንዱ በአርባ ምንጭ አጠገብ፥ በአባያና በጫሞ መካከል ባለው በነጭ ሳር ሜዳ ላይ ይገኛል። በመስከረም ወር 1990 ከእንግሊዝ አገር የመጡ አጥኚዎች በዚያ በመኪና መንገድ ላይ ሞቶ የተጨፈለቀ አንድ የሌሊት ወገን ወፍ አገኙ፤ ሊተርፍ የሚችለው አንድ ክንፉ ብቻ ነበር። ሊቃውንቱ ክንፉን ከሚታወቁት ዘሮች ሁሉ ጋር አመሳክረው የሚመስለው ስላጡ በ1995 አዲስ ዘር ነው ብለው አሳተሙት፤ በላቲን የተሰጠውም ስም «ብቸኛ ክንፍ» ማለት ነው። ክንፉ ዛሬ በእንግሊዝ አገር በትሪንግ ሙዚየም ተቀምጧል። በ2009 አራት ተመልካቾች ወደዚያው ሜዳ ሄደው፥ በሌሊት መብራት ይዘው ፈለጉት፤ አየነውም አሉ፥ በክንፉ ላይ ያለው ምልክትም ከትሪንጉ ክንፍ ጋር ይስማማል ብለው ጻፉ። አልያዙትም፥ አልገደሉትም። አሁን በመዝገቡ ላይ በአንድ ወገን ቆዳውና አጥንቱ ያለ አንድ ክንፍ፥ በሌላ ወገን የአራት ሰዎች ቃል ጐን ለጐን ተጽፈው ይገኛሉ።